የፊተኛው ጎማ ከመሬት ሲነሣ



በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫና በዶዮገና ሞተር ብስክሌት የጌጥ ዕቃ አይደለም፤ ለብዙ ቤተ ሰብ የዕለት እንጀራ ነው። መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ መንገደኛውን፣ የቡላውንና የድንቹን ጆንያ፣ አንዳንድ ጊዜም በሽተኛውን ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣው እርሱ ነው። ነገር ግን ይህ መሣሪያ በወጣቶቻችን እጅ ሲገባ ሌላም ነገር ያስመኛል፤ ይኸውም የፊተኛውን ጎማ ከመሬት አንሥቶ በኋለኛው ብቻ መሮጥ ነው። ጨዋታውን በየስልካቸው ያዩታል፤ በያሆዴና በመሳላ በዓል ሰሞን ወጣቱ ሁሉ ወደ ትውልድ አገሩ ሲሰበሰብም ጉብዝናውን በዚህ ሊያሳይ የሚሻ አይጠፋም።

«ተው!» ብሎ መቆጣት ለወላጅ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ያልተነገረው ልጅ ከአባቱ ዐይን ሲሰወር ያደርገዋል። ስለዚህ ጎማው ስለ ምን እንደሚነሣ፣ የጎማ ነፋስም ምን ያህል ሊሆን እንደሚገባው በሚገባ ማስረዳቱ ይሻላል ብለን ይህን ጽፈናል።

ጎማው ስለ ምን ይነሣል?

የሞተሩ ኀይል የሚሠራው በኋለኛው ጎማ ላይ ነው። ነጂው በዝቅተኛ ማርሽ ነዳጁን በድንገት ሲሰጥ፣ ወይም ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ ሲለቅ፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይተላለፋል፤ የፊተኛው ጎማ ይቀልና ከመሬት ይነሣል። ተጫዋቹ ይህን ሆን ብሎ ያደርገዋል፤ በእኛ አገር ግን ሳይፈለግም ይሆናል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በከምባታ ያለው የሐምበሪቾ ተራራም ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በእንዲህ ያለ አገር መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ሁለት ሰው ጭኖ፣ ጆንያውንም ከኋለኛው ጎማ ወደ ኋላ አሳልፎ ያሰረ ነጂ በዳገት ላይ ነዳጅ ሲጨምር፣ ጭነቱ እንደ ሚዛን የኋላውን ተጭኖ የፊቱን ያነሣዋል።

የፊተኛው ጎማ ሲነሣ ሁለት ነገር አብሮት ይጠፋል። አንደኛው መሪው ነው፤ አየር ላይ ያለ ጎማ መንገድ አይመራም። ሁለተኛው የፊቱ ፍሬን ነው፤ በደረቅ መንገድ ሞተሩን አጥብቆ የሚያቆመው በአብዛኛው እርሱ ነው። የሚቀረው በእግር የሚያዘው የኋላ ፍሬን ብቻ ነው። ስለዚህም በዓለም ላይ ይህን ጨዋታ እንደ ሙያ የያዙ ሰዎች ከማንሣት በፊት ማውረድን ይማራሉ፤ እግራቸው ከኋላ ፍሬኑ አይለይም፤ ጎማው ከሚገባው በላይ ከፍ ሲል ቀስ ብለው በፍሬኑ ይመልሱታል። ይህንንም የሚያደርጉት በተከለለ ሜዳ፣ ለብቻቸው፣ መከላከያ ለብሰው ነው እንጂ ሕፃናትና ከብቶች በሚተላለፉበት መንገድ አይደለም። ጎማው በኀይል ተመልሶ ሲወድቅ የመሪው ኩሽኔታ ይጎዳል፤ ቸርኬውም ይጣመማል።

በዳገት ላይ ሳይፈልግ የተነሣበት ነጂ ግን ነዳጁን ቀስ አድርጎ ይቀንስ፤ ሰውነቱንም ወደ ፊት ያዘንብል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመነሣቱ በፊት ጭነቱን መቀነስና ወደ ነጂው አስጠግቶ ማሰር ነው።

ስለ ጎማ ነፋስ

በነፋስ የሚሞላውን ጎማ ለሥራ ያበቃው ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነው። በቤልፋስት ከተማ ይኖር ነበር፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1888 በስሙ አስመዘገበው። መጀመሪያም የሠራው የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በድንጋይ ላይ እንዳያንገጫግጨው ብሎ ነበር። እንግዲህ የጎማ ነፋስ ከመነሻው የአባት አሳብ ነው ማለት ይቻላል።

በአገራችን ለሚበዙት ትንንሽ ሞተሮች ሠሪዎቹ በብዛት የሚያዝዙት፣ በመለኪያው ላይ በፒ.ኤስ.አይ. ሲነበብ፣ ለፊቱ ጎማ 25 ያህል፣ ለኋላው ነጂው ብቻውን ሲሆን 28፣ ሰው ሲያፈናጥጥ 32 ያህል ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ እንደ ሞተሩ ይለያያልና፣ በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ወይም በመምሪያ መጽሐፉ የተጻፈውን መከተል ይገባል።

ልኩ የሚወሰደው ጠዋት ሞተሩ ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። በመንገድ የሞቀ ጎማ በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬዱ ከ1 እስከ 2 ቁጥር ይጨምራልና፣ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ ማታ ጎድሎ እንዲገኝ ያደርጋል።

ነፋሱ የጎደለ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል፤ መሪውን ያወላውላል፤ የውስጡ ጎማም በቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ የነፋስ መግቢያውን አፍ ይቀድዳል። ነፋሱ የበዛ ጎማ ደግሞ በኮረት ላይ ይዘልላል፤ መሬቱን በጠባቡ ብቻ ስለሚነካ ይንሸራተታል፤ መካከሉም ቶሎ ያልቃል። በክረምት ጭቃ ጥቂት ነፋስ መቀነስ ጎማው መሬቱን እንዲይዝ ይረዳል፤ ሆኖም ወደ አስፋልት ሲመለሱ መሙላት ግድ ነው። ስለዚህ የእጅ መንፊያ መያዝ መልካም ነው።

ተጫዋቾቹ ሚዛን ለመጠበቅ የኋላውን ነፋስ እጅግ ዝቅ ያደርጋሉ። ይህ ባዶ ሞተር በሜዳ ላይ ለሚነዳ ሰው ነው። ያንኑ ጎማ በማግስቱ ሁለት ሰው ጭኖ ቁልቁለት የሚያወርድ ወጣት ግን የራሱን ብቻ ሳይሆን የሰውንም ነፍስ ይዟል።

ለወላጆችና ለተሳፋሪዎች

በሕጋችን መንጃ ፈቃድ የሌለው ሞተር ሊነዳ አይፈቀድለትም፤ ሄልሜት ማድረግም ግዴታ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ሄልሜትን በደንብ ማሰር በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል ከ6 እጅ በላይ ይቀንሳል፤ የአንጎል ጉዳትንም እስከ 74 በመቶ ያስቀራል። በመሪው ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት ግን ማንንም አያድንም።

ልጁ ሞተር እንዲገዛለት ላም የሸጠ አባት፣ ከሄልሜቱ ጋር አንድ የነፋስ መለኪያም ይግዛለት። እናትም ልጇን ጠዋት ስትሸኝ «ጎማህን አየኸው ወይ?» ብላ ትጠይቀው። ወጣቶች ሆይ፣ ጆንያውን አስተካክሎ አስሮ፣ የጎማውን ነፋስ ለክቶ፣ ተሳፋሪውን በጭቃ ዳገት አውጥቶ በሰላም ከደጁ የሚያደርስ ነጂ በአገሩ የሚታመን ነው፤ ነገም የሚፈለገው እርሱ ነው።