ከታች ያለችው ዳዶ

(ድምፅ፦ የቆመ መኪና ሞተር። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ሊጠፋ ሲል ይመለሳል።)

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ድሬዳዋ ፀሐይ ሳይበረታ ሥራዋን መጨረስ ትወዳለች፤ ከቀትር በኋላ ደጅ የዋለ ብረት በባዶ እጅ አይነካም። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ በአንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ፣ ዕድሜዋ ከ40 ዓመት ያለፈ ላንድክሩዘር ፒካፕ ኮፈኗ ተከፍቶ ጥላ ሥር ቆማለች። ሚኒሞዋ አልረጋ ብሏል። ቤንዚን ትጨርሳለች፤ ወደ ሐረር ስትወጣ የደንገጎ ዳገት ላይ ትንገጫገጫለች። ካንዴላ ተቀየረላት፣ ካርቡራተሯ ተፈትቶ ታጠበ። ያው ናት።

መካኒኩ ክዳኑ የተበሳ የውሃ ፕላስቲክ ይዞ ማኒፎልዱና ቴስታታው የሚገናኙበትን መስመር እየተከተለ ውሃ ይረጫል። አንደኛው ሲሊንደር፣ ምንም። ሁለተኛው፣ ምንም። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ለአፍታ ተለወጠ። ውሃው ወደ ውስጥ ተሳበ ማለት ነው፤ ውሃ በሚገባበት ደግሞ አየርም ይገባል። ይህንኑ ምርመራ ቤንዚን እየረጩ የሚያደርጉ አሉ። እዚያው ሥር የጋለ የጭስ ብረት መኖሩን ለሚያውቅ ሰው ግን ይህ ከእሳት ጋር መቀለድ ነው።

«ማኒፎልዱ ይወርዳል» አለ መካኒኩ። ረዳቱ ፊቱን አጨማደደ።

ረዳቱ ፊቱን ያጨማደደው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህችን መኪና ሞተር ቶዮታ 2ኤፍ ይለዋል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1975 ጀምሮ የተሠራ፣ ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት፣ 4.2 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ አየርና ቤንዚን የሚያስገባው ማኒፎልድ በአንድ በኩል፣ ጭስ የሚያስወጣው በሌላ በኩል ይሆናል። በ2ኤፍ ላይ ግን ሁለቱም በአንድ ጎን ናቸው። ማስገቢያው ከላይ፣ ማስወጫው ከታች፤ መሐል ላይ እርስ በርስ በቡሎን ተጠፍረው፣ አንድ ጓርኒሲዮን ተጋርተው ከቴስታታው ጋር ይያያዛሉ። ስለዚህ ኢንቴክ ማኒፎልዱን ብቻ ላውርድ ማለት አይሠራም። አንዱ ሲወርድ ሌላውም አብሮ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ድሬዳዋ የፈረንሳይ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ደረሰላት፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው መስመር ትልቁ ወርክሾፕም እዚሁ ተተከለ። በወርክሾፑ የድሮ ሠራተኞች ዘንድ ፈረንሳይኛ የሥራ ቋንቋ ነበር። መኪና ጋ ሲደርስ ግን ድሬም እንደ ሌላው አገር በጣሊያንኛ ታወራለች፦ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ማርሚታ፣ ሚኒሞ። የጃፓን ሞተር፣ በጣሊያን ስም፣ በፈረንሳይ ከተማ ይፈታል። ማንም አይገርመውም።

ሥራው የሚጀምረው ከባትሪው ነው፤ ኔጋቲቩ ይወልቃል። የአየር ማጣሪያው ይነሳል። የቤንዚን ጎማው ተነቅሎ አፉ ይደፈናል። የጋዝና የቾክ ገመዶቹ ይላቀቃሉ። ቀጫጭኖቹን ጎማዎች ረዳቱ አንድ በአንድ በቀለም ምልክት ያደርግባቸዋል፤ ይህን የማያደርግ ሰው ማታ መልሶ ሲገጥም ያለቅሳል። ካርቡራተሩ ወርዶ ጨርቅ ላይ ተቀመጠ። እስከዚህ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ታሪክ ነው። የማስወጫው ብረት ለዓመታት ሲግልና ሲቀዘቅዝ ኖሯል፤ ከጭስ ቱቦው ጋር የሚያገናኙት ዳዶዎች ዝገት በልቷቸው ከቡሎኑ ጋር አንድ ሆነዋል። መካኒኩ አስቀድሞ ነጭ ጋዝ አጠጥቷቸዋል። አሁንም ግን በጉልበት አይገፋቸውም። ሩብ ዙር ይፈታል፣ መልሶ ያጠብቃል፣ እንደገና ይፈታል። ረዳቱ ረጅም ቧንቧ ቁልፉ ላይ ሊሰካ ሲል «አቦ ተው!» ብሎ ቀማው። ቡሎኑ ከተሰበረ የቀረውን ጉማጅ በትሪፓን መቦርቦር፣ ካልሆነም ዳዶ በይዶ መፍታት ነው፤ የአንድ ቀን ሥራ ሦስት ቀን ይሆናል።

የላይኞቹ ዳዶዎች ይታያሉ። የታችኞቹ አይታዩም። መካኒኩ ጉንጩን መከላከያው ላይ አስደግፎ ክንዱን እስከ ትከሻው ወደ ውስጥ ላከ፤ ዓይኑ ግቢውን ያያል፣ ጣቱ ግን ብረቱን ይዳስሳል። ቡሶላው አፉን እስኪያገኝ ዝም ብሎ ጠበቀ። እንዲህ ያለው ሰዓት ላይ ጋራዡ ውስጥ ማንም አያወራም።

(ድምፅ፦ ደረቅ ጩኸት፣ ከዚያ የሚላላ ብረት።)

ለሁለት ተሸክመው አወረዱት። ወዲያው የመጀመሪያው ሥራ ማድነቅ ሳይሆን ቴስታታው ላይ የተከፈቱትን ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ መወተፍ ነው። በዚያ በኩል የገባች አንዲት ዳዶ ሞተሩ ሲነሳ ፒስተን ትሰብራለች። መካኒኩ የወተፋቸውን ጨርቆች ይቆጥራል፤ ሲያወጣም ይቆጥራል።

አሮጌው ጓርኒሲዮን ሦስተኛው ሲሊንደር ጋ ጠቁሯል፣ ተሸንቁሯል። መካኒኩ ግን እሱን አይቶ አላበቃም። ቀጥ ያለ ብረት አምጥቶ በሁለቱ ማኒፎልዶች ፊት ላይ አጋደመ። በአንደኛው በኩል ብርሃን አለፈ። አዲስ ጓርኒሲዮን ብቻ ለውጦ መግጠም ይቻል ነበር፤ ብዙ ቦታ የሚደረገውም ይኸው ነው፤ መኪናዋም ከወር በኋላ ያንኑ ሕመም ይዛ ትመለሳለች። የላይኛውና የታችኛው ብረት በአንድ ልክ ካልተስተካከሉ አንዱን ጓርኒሲዮን እኩል ሊጫኑት አይችሉም። መድኃኒቱ ሁለቱን እንደተያያዙ ወስዶ ፊታቸውን በማሽን ማስላጥ ነው።

በዚህ ነገር ድሬ ዕድለኛ ናት። የባቡሩ ወርክሾፕ መለዋወጫ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ የማይጠብቅ፣ የጎደለውን ራሱ የሚቀርጽ ቤት ነበር። አሁን አሮጌው ሐዲድ የድሮ ኃይሉ የለውም፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በሌላ መስመር ያልፋል። ብረትን በልክ የመላጥ ልማድ ግን ከተማዋ ውስጥ አለ።

ጎረቤት ሐረር ደግሞ ፔጆ 404 ታክሲዎችን ለአሥርት ዓመታት በጥገና ብቻ ያኖረች ከተማ ናት። ምሥራቁ አሮጌ መኪና መጣል አያውቅበትም፤ ቢፈልግም አሁን አዳጋች ሆኗል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በእጅ ያለ ፒካፕ ዋጋው የጨመረው እንዲህ ነው።

ወደ ጋራዡ እንመለስ። ማኒፎልዱ ተልጦ ሲመለስ መካኒኩ የማስወጫው ብረት ውስጥ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ በጣቱ አገላበጣት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን የጋለ ጭስ ወደ ማስገቢያው ሆድ መርታ ቤንዚኑን ለማሞቅ የተሠራች ናት። ውርጭ ላለበት አገር ጥሩ ብልሃት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሞቃት ድሬ ግን እንደዘጋች ከቀረች ካርቡራተሩን ታበስለዋለች፤ ቤንዚኑ ውስጡ ይፈላል። መዝጊያዋ እንደልቧ ትንቀሳቀሳለች። መካኒኩ ራሱን ነቀነቀና አለፋት።

መግጠሙ ላይ ችኩል ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ነገር አለች። ሁለቱን ማኒፎልዶች እርስ በርስ የሚያስሩት ቡሎኖች መጀመሪያ አይጠብቁም፤ እንደላሉ ይተዋሉ። ሁለቱ ብረቶች ቴስታታው ላይ እንደልባቸው ከተቀመጡ በኋላ ዳዶዎቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ በየተራ፣ ቀስ በቀስ ይጠብቃሉ። የመሐል ማሰሪያዎቹ ተራ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። አስቀድመው ከጠበቁ ሙቀት ሲመጣ ብረቱ የሚለጠጥበት ያጣና ይሰነጠቃል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁልፉ ዞረ። ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ያዘ፣ ከዚያ አንድ ዓይነት ድምፅ ይዞ ቀጠለ። መካኒኩ ውሃውን አንስቶ እንደ ጠዋቱ ከዳር እስከ ዳር ረጨ። ምንም አልተለወጠም።

ሾፌሩ ሒሳቡን ከፍሎ ሊወጣ ሲል መካኒኩ መስኮቱ ላይ ተደገፈ። «ደንገጎ ደርሰህ ተመለስ። ሲበርድልህ ነገ ጠዋት አምጣት፣ የታቾቹን እንደገና አጠብቃቸዋለሁ።»