የኮልፌ ሰገነት፦ በሌላ ሰው ጣሪያ ላይ የተዘረጋ ግቢ

ከጦር ኃይሎች በአጠና ተራ በኩል ወደ ዊንጌት የሚሄድ መንገደኛ በግራና በቀኙ ሁለት ከተማ ያያል። አንደኛው ቆርቆሮው የዛገ፣ አጥሩ የተያያዘ፣ በየደጁ በርበሬና ልብስ የሚሰጣበት የድሮው ኮልፌ ነው። ሌላው ከዚያው መሐል ብድግ ያለ፣ ከፊሉ ሰው የገባበት፣ ከፊሉ ገና አረንጓዴ መረብ የለበሰ ፎቅ ነው። ደላሎች አስረግጠው የሚናገሩለት ቤት ደግሞ በነዚህ ፎቆች አናት ላይ ያለው ነው፦ የመጨረሻው ወለል፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ሰፊ ቴራስ ያለው።

ቤቱ ለአዲስ አበባ አዲስ ቢሆንም ገዢው የሚፈልገው ነገር አዲስ አይደለም። የሚፈልገው ግቢ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ያደገ ሰው ቤት ሲባል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለት ክፍሉ ብቻ አይደለም፤ ከደጁ ያለው ባዶ ቦታም ነው። ቡና የሚፈላው፣ ጌሾ የሚሰጣው፣ ለፋሲካ በግ የሚታረደው፣ ለሰርግም ለለቅሶም ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ በኋላ እንኳ፣ በቀበሌ ቤት ብዙ አባወራ አንድ ግቢ እየተጋራ ይህንኑ ኑሮ ቀጠለ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በክፍለ ከተማው ከ420 ሺህ በላይ ሰው ሲቆጠር፣ አብዛኛው ሰው ከደጁ መሬት የሚረግጥ ነበር።

ያንን የቀየረው ኮንዶሚኒየም ነው። ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ የተሞከረው ርካሽ የቤት አሠራር፣ በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን የከተማው ዋና ፕሮግራም ሆነ። በ1997 ዓ.ም. ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ሁለተኛ ምዝገባ ቁጥሩ ከ900 ሺህ አለፈ። ኮልፌ ቀራንዮም ድርሻውን አገኘ። ከሁሉ የሚታወቀው ሚኪሊላንድ ሲሆን፣ ስሙ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበሩት የሚኪ ሌላንድ ነው፤ ወደ ስደተኞች ካምፕ ሲጓዙ ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. በጋምቤላ አቅራቢያ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው ያለፈው።

ሃያ ሰማንያ የሚባለው የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ብዙውን ጊዜ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም፤ አናቱም ቆርቆሮ ነው። ነድፈው የሠሩት ባለሙያዎች ግን ግቢው እንደሚናፈቅ ያውቁ ነበር። ስለዚህ በየብሎኩ መካከል ክፍት ቦታ ተዉ፤ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ በበዓል በግ የሚታረድበት የጋራ መገልገያ ቤትም ሠሩ። ይህ በአገራችን የቤት ግንባታ ታሪክ ከሚደነቁት ሐሳቦች አንዱ ነው፤ የውጭ አገር ፕላን ብቻ የገለበጠ ሰው አያስበውም ነበር። በብዙ ሳይቶች ያ ቤት የማኅበር ቢሮ፣ መጋዘን ወይም ኪራይ ቤት ሆኖ ሲታይ ያሳዝናል። ግቢው ሲጠፋ ኑሮው ወደ በረንዳዋ ወጣ፦ ዲሽ፣ የልብስ ገመድ፣ የከሰል ምድጃ፣ የውሃ በርሜል፣ ሁሉም ሁለት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ።

ባለ ቴራስ አፓርታማ የሚገዛው ሰው ከዚያች በረንዳ የሸሸ ነው። በግል አልሚዎችና በቤት ማኅበራት የሚሠሩት አዳዲስ ፎቆች አናታቸው ብዙውን ጊዜ ቆርቆሮ ሳይሆን የኮንክሪት ሶሌታ ነው። የላይኛው ወለል ከታችኛው ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሲሠራ፣ የታችኛው ቤት ጣሪያ ለላይኛው ቤት ደጅ ይሆናል። ክፍሉ ከፍታ ካለው ደግሞ ግማሹን በደረጃ የሚወጣበት መኝታ ያደርጉታል። በኒውዮርክ ሶሆ ሠፈር ሠዓሊዎች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ባዶ ፋብሪካ ውስጥ ገብተው ያስለመዱት፣ የኒውዮርክ ግዛትም በ1982 እ.ኤ.አ. በልዩ ሕግ ያጸናችው የሎፍት ኑሮ ይህን ይመስላል። ለመርካቶና ለቀበሌ ቤት ልጅ ግን በጣውላ ቆጥ ሠርቶ መተኛት እንግዳ ነገር አይደለም።

እንግዳ የሚሆንበት የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 370/1995፣ የጋራ ሕንፃ ማለት ቢያንስ 5 በተናጠል የተያዙ ቤቶችና የጋራ መጠቀሚያዎች ያሉት ሕንፃ ነው። ገዢው የራሱ የሚያደርገው በጋራ ሕንፃው መግለጫና በፕላኑ ወሰኑ የተሰመረለትን ቤት ነው። ከዚያ ውጭ ያለው፣ ማለትም ደረጃው፣ የውጭ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ቱቦው፣ መሬቱ የሁሉም ነው፤ እያንዳንዱ ባለቤት በድርሻው ይካፈለዋል፣ በድርሻውም ይከፍልበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ፎቅ ቤት ሲደነግግ ዋና ግድግዳና ጣሪያን ከጋራ ክፍሎች ጋር ነው ያሰለፈው። ቴራስ ደግሞ ከላይ ሲያዩት ወለል፣ ከታች ሲያዩት ጣሪያ ነው። የማን ነው?

መልሱ በሦስት መንገድ ሊመጣ ይችላል። ቴራሱ በፕላኑ ላይ ከቤቱ ወሰን ውስጥ ገብቶ ከሆነ የገዢው ነው፤ ይህ ከሁሉ የተሻለው ነው። የጋራ ሆኖ፣ ነገር ግን በመግለጫው ለዚያ ቤት ብቻ እንዲያገለግል ተጽፎ ከሆነ፣ ገዢው የሚያገኘው ብቻውን የመጠቀም መብት ነው፤ ግድግዳ ማቆም፣ በቆርቆሮ መክደን፣ ተጨማሪ ክፍል መሥራት በራሱ ፈቃድ አይችልም። ሦስተኛው በጣም አደገኛው ነው፦ ወረቀቱ ላይ ምንም የለም፤ ያለው በሩ ወደዚያ መከፈቱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት የገዛ ሰው የቴራሱን ዋጋ ከፍሎ በሩን ብቻ ገዝቷል። የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ አንድ ቀን ተሰብስቦ «ሮቶ እናስቀምጥበታለን፣ ልብስ እናሰጣበታለን» ቢል የሚመልስበት ሰነድ የለውም።

ስለዚህ ካርታውን ብቻ አይቶ መርካት አይበቃም። ካርታው፣ የጋራ ሕንፃው መግለጫና የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ጎን ለጎን ሊነበቡ ይገባል። በሥዕል የሚሸጥ፣ ገና ቁፋሮ ላይ ያለ ቤት ከሆነ ደግሞ የቴራሱ ስፋትና የመብቱ ዓይነት በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲደረግ ያዝዛል፤ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ «ቴራሱማ የርስዎ ነው» መባሉ ዋጋ የለውም። የካሬው ሒሳብም እዚሁ ይጠየቃል። አንዳንዱ ሻጭ ቴራሱን እንደ ሳሎኑ በሙሉ ዋጋ ያስባል፤ አንዳንዱ በግማሽ፤ አንዳንዱ የደረጃውንና የኮሪደሩን ድርሻ ጨምሮ ትልቅ ቁጥር ይጠራል። የቤቱ የውስጥ ስፋት፣ የቴራሱ ስፋትና የጋራው ድርሻ ለየብቻ ካልተጻፉ አንዱን ቤት ከሌላው ማወዳደር አይቻልም። ኮንዶሚኒየም ለሚገዛ ሰውም አንድ ማስታወሻ አለ፦ በዕጣ የተላለፈ ቤት 5 ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም፤ በውክልና ወይም በመንደር ውል የሚደረገው ሽያጭ ብዙ ሰው ፍርድ ቤት ያመላልሳል።

ከወረቀቱ ቀጥሎ ውሃው ነው፤ በኮልፌ ደግሞ ውሃው ዋናው ነገር ነው።

አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ። 60 ካሬ ሜትር የሆነ ቴራስ እንግዲህ በዓመት ከ66 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ይቀበላል። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ 40 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ አንድ ዶፍ ቢመጣ ብቻ 2,400 ሊትር በአንድ ጊዜ መውጫ ይፈልጋል። በረዶ ከተቀላቀለበት ደግሞ በረዶው መጀመሪያ የሚያደርገው መውረጃ አፉን መድፈን ነው። ለዚህ ነው ቴራሱ ላይ አንድ መውረጃ ብቻ ማየት የሚያሳስበው፤ ሁለተኛ መውረጃ፣ ወይም በጠርዙ ግንብ ላይ ለትርፍ ውሃ የተተወ ቀዳዳ ሊኖር ይገባል።

ዘዴው በራሱ ቀላል ነው። ከሶሌታው በላይ የሚፈሰው ሊሾ በየሜትሩ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ያዘነብላል። ውሃ የማያሳልፈው ንጣፍ ወለሉን ሸፍኖ ግድግዳው ላይ አንድ ስንዝር ያህል ይወጣል፤ ሴራሚኩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የቴራሱ ወለል ከሳሎኑ ወለል ዝቅ ይላል። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል፣ ወይም ዲሽ የሚተክል ሰው ንጣፉን በብሎን ሲበሳው፣ ውሃው የታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ሆኖ ይታያል። ከዚያ የሚመጣው ጠብ የታወቀ ነው። ጥፋቱ የሶሌታው ከሆነ የማኅበሩ፣ ባለቤቱ ካነጠፈው ሴራሚክ ወይም ከበሳው ቀዳዳ ከሆነ የባለቤቱ መሆኑ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አስቀድሞ ካልተጻፈ ሁለት ቤተሰብ ለዓመታት ይኳረፋል።

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። የጣሪያ ላይ አትክልትን ለዓለም የሰበከው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ በፓሪስ አጠገብ በ1931 እ.ኤ.አ. ያስረከበው ቪላ ሳቮዬ፣ ዛሬ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ያ ቤት፣ ገና ከጅምሩ ያፈስስ ነበር፤ ባለቤቶቹ በተደጋጋሚ በደብዳቤ አቤት ብለዋል። የእርሱን ቤት ያልማረ ችግር በኮልፌ በጥድፊያ የተሠራን ፎቅ ይምራል ብሎ ማሰብ አይገባም። ፈተናውም በእጅ ያለ ነው፦ መውረጃውን ደፍኖ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሞልቶ አንድ ሙሉ ቀን ማቆየት፣ ከዚያ ከታች ገብቶ ኮርኒሱን ማየት። ሻጩ ይህን ከከለከለ ምክንያቱን መጠየቅ የገዢው መብት ነው።

ክብደቱም ይታሰብ። ለመኖሪያ ክፍል ወለል የሚወሰደው የንድፍ ጭነት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለበረንዳ ከዚያ ከፍ ይላል። አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ግን አንድ ቶን ነው። ዝናብ ያራሰው 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የአትክልት አፈርም በካሬ ሜትር ግማሽ ቶን ገደማ ይከብዳል። ጽጌረዳና ጤና አዳም በማሰሮ ቢተከሉ ጉዳት የለውም፤ ጎመንና ሰላጣም ጥልቀት በሌለው ሣጥን ይበቅላሉ። ሮቶው፣ ዛፉና ወፍራም መደቡ ግን የሕንፃውን መሐንዲስ ሳያማክሩ አይቀመጡም። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ ሲሰማ፣ ያልታሰረ ሮቶና በብሎኬት ብቻ የቆመ የጠርዝ ግንብ ምን ያህል እንደሚያሰጉ ብዙ ሰው ተረድቷል።

ይህ ሁሉ ከተሟላ ግን ቤቱ የሚከፈልበትን ያህል ነው። ኮልፌ ከፍታ አለው። ከሰገነቱ ላይ በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ ሙሉ ሆነው ይታያሉ። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ በደቡብ በኩል ታጋድላለች፤ ወደ ደቡብ የዞረ ቴራስ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዳማ ጠዋት ይሞቃል፣ በርበሬውም ቶሎ ይደርቃል። ወደ ምዕራብ የዞረው የማታውን ፀሐይ ያገኛል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ጥላ ያስፈልገዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ደግሞ ያ 66 ሺህ ሊትር የሚጣል ነገር አይደለም፤ ከመውረጃው ላይ ተጠልፎ በምድር ቤቱ ታንከር ቢጠራቀም ደረጃ ያጥባል፣ አትክልት ያጠጣል።

ነፋሱንም ማወቅ ደግ ነው። ከ110 በላይ ሰዎች መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ የሞቱበት የረጲው ቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼ፣ የሚገኘው በዚሁ በከተማው ምዕራባዊ ክፍል ነው። የቆሻሻ ኃይል ማመንጫው በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመረቀ በኋላም ሽታው ከአካባቢው ጨርሶ አልጠፋም። ዝግ መስኮት ያለው ቤት ሽታን ይችለው ይሆናል፤ ለቴራስ ብሎ ተጨማሪ ብር የከፈለ ሰው ግን ጠዋትም ማታም ሄዶ ማሽተት አለበት። ከዋናው መንገድ፣ ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ያለውን ርቀት፣ ከጎን ያለው ባዶ ቦታ ነገ ምን ያህል ፎቅ ሊቆምበት እንደሚችልም እንዲሁ ይጠይቅ፤ እንጦጦን የሚያሳይ ሰገነት በአንድ ዓመት ውስጥ የጎረቤት ግድግዳ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል።

አብዛኛው ገዢ ቤት የሚያየው በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰማዩ ጠርቶ ሊሾው ደርቆ ሳለ ነው። ቴራስ ያለው ቤት የሚፈልግ ሰው ግን ቢቻለው በነሐሴ፣ ዝናቡ ባቆመ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይሂድ፤ ከላይኛው ቤት በፊት የታችኛውን ቤት አንኳኩቶ ኮርኒሱን ለማየት ይለምን፤ መግለጫውን ሳያነብም ቀብድ አይክፈል።