ሳያሳምም የሚያፈስ የልብ በር መቼ ይታከም?

አንዲት ተማሪ አለች እንበል። ቤቷ በሞያሌ ከተማ በኬንያ በኩል ባለው ማንያታ ነው። ትሮጣለች፣ ትጫወታለች፤ ትንፋሽ አያጥራትም፣ እግሯም አያብጥም። ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ በሄደች ጊዜ ግን ሐኪሙ ደረቷን ሲያዳምጥ ከልብ ምቷ ጋር «ሽው» የሚል ድምፅ ሰማ። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተልካ በኢኮ መሣሪያ ስትታይ ሚትራል የተባለው የልቧ በር ክፉኛ እንደሚያፈስ ታወቀ። ወላጆቿ «ደኅና ልጅ ለምን ኦፕራሲዮን ትሆናለች?» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

እንደሚታወቀው ልብ አራት ክፍሎችና ደምን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ አራት በሮች (ቫልቮች) አሉት። የታችኛው ግራ ክፍል ደም ወደ ሰውነት ሲገፋ ሚትራል በር መዘጋት አለበት። በደንብ ካልገጠመ ከደሙ ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ልብም ጉድለቱን ለማካካስ እየሰፋ በእያንዳንዱ ምት ብዙ ደም ይገፋል። በቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ውኃ ሲቀባበሉ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። መቅጃው ቀዳዳ ቢሆን ቀጂዎቹ ሰፋ ያለ መቅጃ ይይዛሉ፤ ገንዳው አይጎድልም፣ ከብቶቹም አያውቁም። የሚደክመው ክንድ ነው። ልብም እንዲህ ለዓመታት ይቆያል፤ ሕመሙ ሲሰማ ግን ጡንቻው ከተጎዳ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ በሩ ቢጠገንም ጉልበቱ ሁልጊዜ አይመለስም።

ስለዚህ ሐኪሞች የሚጠብቁት ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ልኩንም ነው። ጤነኛ ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም በአብዛኛው ከመቶ ከ55 እስከ 70 ያህሉን ይገፋል። ሚትራል ሲያፈስ ይህ ቁጥር ያታልላል፤ ደሙ በኋላ በር በቀላሉ ስለሚያመልጥ የደከመው ልብ ብርቱ ይመስላል። ስለሆነም በክፉኛ የሚያፈስ ሲሆን ቁጥሩ ከመቶ 60 ወይም በታች ሲወርድ፣ ወይም ልብ ተኮማትሮ እንኳ የክፍሉ ስፋት 40 ሚሊ ሜትር ሲደርስ፣ ሕመምተኛው ምንም ባይሰማውም ቀዶ ሕክምና ይመከራል። ለአኦርታ በር ልኩ ሌላ ነው፤ ከመቶ 55 ወይም በታች፣ አለዚያም ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ። እነዚህ የአዋቂዎች ልኮች ናቸው፤ በልጆች ከአካል መጠን ጋር ይመዘናሉ።

ታዲያ ዛሬውኑ ቢሠራላትስ? በበለጸጉ አገሮች አብዛኛው የሚትራል መፍሰስ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ስለሆነ በሩን መጠገን ብዙ ጊዜ ይቻላል። በእኛ አካባቢ ግን ዋናው ምክንያት ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚከተለው የሩማቲክ ትኩሳት ነው። እርሱ በሩን ስለሚያጠነክረውና ስለሚያኮማትረው ጥገናው ያስቸግራል፤ ብዙ ጊዜ መተካት ይመጣል። የብረት በር የገባለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን መዋጥና ደሙን ማስመርመር አለበት። ለሴት ልጅ ደግሞ በእርግዝና ጊዜ መድኃኒቱ ፅንሱን ሊጎዳ፣ ቢቋረጥም ደም በሩ ላይ ሊረጋ ይችላል። ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው በር ይህ ጣጣ ያንስበታል፤ በወጣት ሰውነት ግን ቶሎ ያልቃል።

ሌላው ተራ ነው። በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለውን ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ከመክፈቱ በፊት ብዙ ልጆች ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። ዛሬም ወረፋው ረጅም ነው። ከሞያሌ አዲስ አበባም ሆነ ናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እንግዲህ ልኩ ሲደርስ ለመመዝገብ የተነሣ ሰው ዘግይቷል። በየ6 ወይም በየ12 ወሩ በኢኮ መታየትና አስቀድሞ ተራ መያዝ ይገባል።

መምህራን በዚህ ነገር ከሐኪሙ የማያንስ ዓይን አላቸው። ልጅ ቀስ በቀስ ሲደክም ለራሱም አይታወቀውም፤ ሩጫውን ይተውና «ደኅና ነኝ» ይላል። አምና ግንባር ቀደም የነበረችው ዘንድሮ በዛፍ ጥላ ሥር ከተቀመጠች የሚያየው የስፖርት መምህሩ ነው። ይህም ለሐኪሙ ቢነገር ሕክምናው የሚጀመርበትን ቀን ሊያቀርበው ይችላል።

የፔኒሲሊን መርፌም አለ። በኡጋንዳ ጉዳታቸው ገና በጀመረ 818 ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2014 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሕመሙ የባሰባቸው መርፌ ካልተሰጣቸው ከመቶ 8 ያህሉ ሲሆኑ፣ በየወሩ ከተሰጣቸው ግን ከመቶ 1 እንኳ አልሞሉም። በሯ በክፉኛ ለሚያፈሰው ተማሪም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚታዘዘው መርፌ ትኩሳቱ ተመልሶ በሩን እንዳያብሰው ነው፤ በዚያ ቀን ከክፍል የምትቀረውም ለዚሁ ነው።