የእንግሊዝኛ ትምህርትና የቅኔ ቤት ልማድ

ስለ እንግሊዝኛ ትምህርት መድከም በተነሣ ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ምክንያት የመሣሪያ ማነስ ነው። መጽሐፉ አልደረሰም፤ ኮምፒዩተር የለም፤ ቢኖርም መብራት የለም ይባላል። ይህ ሐሰት አይደለም። ከ60 የሚበልጡ ሕፃናት በተቀመጡበት የገጠር ክፍል ጥቍር ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ይዞ የሚቆም አስተማሪ ችግሩ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ባዕድ ቋንቋ ያለ መሣሪያ ከልብ ሊገባ አይችልም ማለት፣ በገዛ አገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራ የኖረውን ሥራ እንዳላዩ መሆን ነው።

ጕዳዩ ቀላል አይደለም። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ሕፃኑ የመጀመሪያውን ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እየተማረ እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት ይቀበላል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ግን ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። እንግዲህ ቋንቋው ያልገባው ልጅ የተዘጋበት አንድ ደጅ አይደለም፤ ደጁ ሁሉ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት መካከል ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ስለ ሆነ ሁሉን በቋንቋው ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ቢሆንም ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ተማሪ፣ ዕውቀቱ ቢኖረውስ መልሱን ከየት ያመጣዋል?

መሣሪያ ብቻውን እንደማይበቃም አይተናል። በ1990ዎቹ ማለቂያ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በፕላዝማ ቴሌቪዥን በየሁለተኛ ደረጃው ይሰጥ ጀመር። ሥዕሉ ያማረ፣ ንግግሩም የጠራ ነበር፤ ነገር ግን ተማሪው ገባው አልገባው ብሎ የሚቆይ አልነበረም። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አለፈ፤ አስተማሪውም በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ።

ሊቃውንቱ እንደሚያውቁት፣ በንባብ ቤት ሕፃኑ ፊደል ይቈጥራል፤ መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፤ ዳዊት ይደግማል። ምላሱ ይቀናል፤ የግዕዙ ምሥጢር ግን ገና አልተገለጠለትም። የሚገለጥለት ቅኔ ቤት ሲገባ ነው። በዚያ ግሡን በቃሉ ይይዛል፤ አገባቡን ይሰማል፤ ወዲያውም ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቈጥሮ ያመጣትን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ይታረማል፤ በማግሥቱም ሌላ ያመጣል። እንዲህ እያለ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ አልፎ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይወጣል። የሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ መንገር ነውር ነው። ግዕዝን በቤቱ የሚያነጋግረው ሰው የለም፤ ሰሌዳም የለም፤ የተማሪው ንብረት ደበሎና አኮፋዳ ነው። ቋንቋው የገባው በየቀኑ የራሱን ቃል እንዲያመጣ ስለ ተገደደ ነው።

የእንግሊዝኛ ክፍላችን ጕድለት እንግዲህ ይህ ይመስለናል፤ ከንባብ ቤት አልወጣም። አስተማሪው ይላል፤ ሕፃናቱ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። ስምንት ዓመት ዳዊት በመድገም ያልፋል፤ ዘረፋው ግን አይጀመርም።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ልጁ ጧት ሲመጣ በመንገድ ስላየው ነገር ሁለት አጫጭር የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ይዞ ይምጣ፤ ይህ ጉባኤ ቃናው ይሁን። ክፍሉ ብዙ ነው ለሚለው፣ 60ው በ5 ቢከፈል ለያንዳንዱ ቡድን 12 ይደርሳል። በየቀኑ አንዱ ቡድን ለአስተማሪው ሲነግር የቀሩት ለበረቱት ጓደኞቻቸው ይነግራሉ፤ በሳምንት ሁሉም ይሰማል።

የቃላቱን ሥርዐት ለማስለመድም ወረቀት ይበቃል። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ይቆማል፤ በእንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ ይመጣል። «አበበ ዳቦ በላ» የሚለው በእንግሊዝኛ ቃላት በሦስት ወረቀት ተጽፎ ሦስት ልጆች ይዘውት ቢሰለፉ፣ ግሡን የያዘው ልጅ ከዳር ተነሥቶ ወደ መካከል ሲሄድ የተመለከተ ሕፃን ሰዋስው በቃል ከሚነበንብለት የበለጠ ይረዳዋል። በድምፅም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ መርከብና በግ የሚባሉት ቃላት ለእኛ ጆሮ አንድ ይመስላሉ፤ የሚለያዩት በመካከላቸው ባለው አናባቢ ማጠርና መርዘም ነው። «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅና ሲላላ የሚለየው የእኛ ልጅ፣ ጆሮው ለዚህ የሚሰንፍ አይደለም፤ ማስለመድ ብቻ ነው። አስተማሪው አንዱን ቃል ሲጠራ፣ መርከብ ከሆነ በቀኝ፣ በግ ከሆነ በግራ እጃቸው ጠጠር ያንሡ፤ ማን እንደ ሰማ ማን እንዳልሰማ ወዲያው ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘን እንቆቅልሽ ነው። ሕፃናቱ ጨዋታውን ከቤታቸው ይዘውት መጥተዋል። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይሁን፤ መልሱ የጠፋበትም አገር ይስጥ። አገር የተቀበለው ደግሞ ወደዚያ ሄዶ ምን እንዳየ፣ ምን እንደ በላ፣ ማን እንደ ተቀበለው በእንግሊዝኛ ያውራ። ያለፈው ጊዜ ግሥ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አይገኝለትም፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን የተቀበለ ልጅም ወሬ አያጣም።

የቅኔ ቤት አለንጋስ ይምጣ ወይ የሚል ቢኖር፣ አይምጣ እንላለን። ሲሳሳት የተሣቀበት ልጅ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም።

የቀረው የሹማምንቱ ፈንታ ነው። ተማሪ ቤት የሚጐበኘው ሱፐርቫይዘር የሚጠይቀው መጽሐፉ እስከ ስንተኛው ገጽ ተደረሰ ብሎ ከሆነ፣ አስተማሪውም ገጽ ከማገላበጥ አይወጣም። በዚያ ዕለት ስንት ልጆች የራሳቸውን ቃል በእንግሊዝኛ እንደ ተናገሩ ይጠይቅ፤ ቈጥሮም ይጻፍ። በመምህራን ማሠልጠኛም ዕጩው አስተማሪ ራሱ በየጧቱ ሁለቱን ዐረፍተ ነገር እያመጣ በጓደኞቹ ፊት ይንገር፤ ይታረምም። ራሱ ነግሮ የማያውቅ መምህር ተማሪዎቹን ንገሩኝ ለማለት ይፈራልና።