ያውቁ ኖሯል? ከ49 ዓመት በኋላ ማን ይጠይቃል?

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስለ ወሲብና ስለ ኤችአይቪ የጠየቀው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችንና ከ15 እስከ 59 ዓመት ያሉ ወንዶችን ብቻ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ቤት ሲቆጠር አያቲቱ ትቆጠራለች፤ ወሬው ወደ መኝታ ሲዞር ግን ማንም አይጠይቃትም።

በዚያው ዓመት አካባቢ ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከ400 በላይ የጊች መንደር አባወራዎች ተነሥተው ደባርቅ ከተማ ሰፍረዋል። ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከዚያ መንደር ሐኪም ፍለጋ መውረድ የእግር መንገድ ነበር፤ ዛሬ ሆስፒታሉ ከተማው ውስጥ ነው። የቀረው መንገድ ከአፍ የሚወጣው ቃል ነው፤ እሱ ደግሞ ለአያቶች ከገደሉም ይከብዳል።

ዳባት ወረዳ ውስጥ የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ሴቶችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡትን ውጤት ያውቁታል? በምርመራ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የማህፀን መውረድ ታይቷል፤ ሕመሙ እንደሚሰማቸው የተናገሩት ግን ከ10 አንዷ እንኳ አልሞሉም። ከችግሩ ጋር ተያይዘው ከተገኙት ነገሮች መካከል ለረጅም ሰዓት ከባድ ሸክም መሸከምና የተራዘመ ምጥ ይገኙባቸዋል። እንስራና እንጨት በጀርባ ማለት ነው። በዚሁ በአማራ ክልል በኋላ የተጠየቁ ሴቶች ደግሞ ሕመሙን ከባላቸው ጭምር ይደብቁ እንደነበር ተናግረዋል። እግዜር ያመጣው ነው ብሎ መቻል ቀላል ነው፤ እኔን የሚያናድደኝ መፍትሔ ያለው ነገር መሆኑ ነው። ጎንደር ላይ በቀዶ ሕክምና ይታከማል። ቀዶ ሕክምና ለማይመቻት ደግሞ ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ የሲሊኮን ቀለበት አለ። መለስተኛውን ደረጃ ሽንት ለማቋረጥ የምንጨብጠውን ጡንቻ ደጋግሞ በማሠራት ማገዝ ይቻላል፤ ቤት ተቀምጦ፣ ማንም ሳያይ።

ልጅ መውለድ አቁሞ አሥርተ ዓመታት መኖር በእንስሳት ዓለም ብርቅ ነው፤ ከሰው ሌላ በዚህ የሚታወቁት ጥቂት የዓሣ ነባሪ ዝርያዎች ናቸው። ብዙ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የብልት ድርቀትና በግንኙነት ጊዜ የሚሰማው ሕመም የሆርሞን መቀነስ እንጂ የፍቅር ማለቅ አይደለም። የማለስለሻ ቅባት ፋርማሲ ውስጥ ይገኛል።

አሁን ወደ አባቶች። ስንፈተ ወሲብ የልብ በሽታ ቀዳሚ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ስለሚቀጥኑ ቀድመው ይደፈናሉ። ስለዚህ «እርጅና ነው» ብሎ ዝም ከማለት በፊት የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ይቀድማል።

ቪያግራ መጀመሪያ የተሞከረው ለልብ ውጋት ነበር። የሚገርመው፣ ለልብ ውጋት ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው ከቪያግራ ጋር ከደረበው የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊያሽቆለቁል ይችላል። ከጎረቤት ኪስ የተዋሱትን ኪኒን ሳይጠይቁ መዋጥ የማይገባውም ለዚህ ነው።

ካረጡ በኋላ እርግዝና ስለማያሰጋ ብዙዎች ኮንዶምን ይረሱታል። ግን የብልት ግድግዳ ከማረጥ በኋላ ይሳሳል፣ በቀላሉም ይጫጫራል፤ በሽታ የሚገባበት በር ይሰፋል። ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ አዲስ ትዳር ሲጀምር ሁለቱም ቢመረመሩ ነውር የለውም። ቂጥኝ ካልታከመ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጦ በስተርጅና ልብንና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ከጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከቫይረሱ ጋር የሚያረጅ ትውልድ አለን፤ መድኃኒቱን በወጉ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ በምርመራ የማይታይ ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም።

የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አገራችን ውስጥ የሚሰጠው በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው። እንደገና ያቺ 49! ካረጡ ዓመት ያለፋቸው እናት ደም ካዩ ግን «ወር አበባዬ ተመለሰ» ሳይሉ፣ ዕድሜያቸው 60 ይሁን 75፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።