ከመንበር የመውረድ ነገር፦ አርባ ምንጭና የኃይለማርያም ደሳለኝ ውርስ

ከዳግማዊ ቴዎድሮስ ወዲህ ያለውን የኢትዮጵያ መሪዎች ዜና መዋዕል ገልጦ የሚመረምር ሰው፣ ወደ መንበረ ሥልጣን የሚያደርሰው መንገድ ብዙ ዓይነት ሆኖ ሳለ ከመንበሩ የሚያወርደው ግን ወይ ሞት፣ ወይ ሽረት፣ ወይ ስደት ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ በገዛ እጃቸው አለፉ፤ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦር ሜዳ ወደቁ፤ ምኒልክ ረጅም ደዌ ካደቀቃቸው በኋላ በ1906 ዓ.ም. አረፉ፤ ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ተሻሩ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በአንዲት ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ተወስደው በዓመቱ በእስር እንዳሉ ሕይወታቸው አለፈ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ሄዱ፤ አቶ መለስ ዜናዊም ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን እንደያዙ በባዕድ አገር ሐኪም ቤት ዐረፉ። እንግዲህ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ በቴሌቪዥን ቀርበው ከመንግሥት ኃላፊነታቸውና ከኢሕአዴግ ሊቀመንበርነታቸው ለመልቀቅ መጠየቃቸውን ባስታወቁ ጊዜ አገሩ የተደነቀው ስለ አንድ ሰው ዕጣ ብቻ ሳይሆን፣ የመቶ ኀምሳ ዓመት ልማድ በአንድ መግለጫ ሲናጋ በማየቱ ጭምር ነበር።

ይህ ነገር በአርባ ምንጭ በኩል ሲታይ ከአዲስ አበባ ከሚታየው የተለየ መልክ አለው። አዲስ አበባ አቶ ኃይለማርያምን ያወቀቻቸው ባለሥልጣን ሆነው ነው፤ አርባ ምንጭ ግን የምታውቃቸው በመምህርነት ነው። በወላይታ፣ በቦሎሶ ሶሬ በ1957 ዓ.ም. የተወለዱት እኚህ ሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምሕንድስና ትምህርታቸውን በ1980 ዓ.ም. እንደ ፈጸሙ የተመደቡት፣ ገና በ1979 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረው በአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር፤ ከዚያም ወደ ፊንላንድ ተሻግረው በታምፔሬ የንጽሕና ምሕንድስና አጥንተው ሲመለሱ፣ በዚያው ተቋም ከረዳት መምህርነት ተነሥተው እስከ ዲንነት ደረሱ። ተቋሙ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በየክፍለ ሀገሩ ውኃ ሲቆፈር፣ ግድብ ሲገደብ፣ ቧንቧ ሲዘረጋ ከመሐንዲሶቹ መካከል የአርባ ምንጭ ተማሪ የነበረ አይታጣምና፣ የአንድን ሰው ውርስ በመንግሥት ሥራ ብቻ የሚለካ ሰው ከዚህ ላይ ብዙ ይጐድልበታል።

ከተማይቱ ራስዋ የሌላ መሪ ዘመን ፍሬ ናት። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመነ መንግሥት፣ በ1950ዎቹ፣ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከብርዳማው የጨንቻ ደጋ ወርዶ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ትይዩ፣ ምንጮቹ ከሚፈልቁበት ጫካ በላይ እንዲተከል ተወሰነ፤ ሴቻ የሹማምንቱ፣ ሲቀላ የገበያው ሠፈር ሆነው አደጉ። ከአብዮቱም በኋላ፣ ከኢሕአዴግም በኋላ ከተማይቱ የመቀመጫነት ክብርዋን አልለቀቀችም፤ የሰሜን ኦሞ ዞን በተባለው ሰፊ አስተዳደር ዘመን ወላይታም፣ ጋሞም፣ ጎፋም፣ ዳውሮም ጉዳያቸውን ይዘው የሚመጡት ወደ እርስዋ ነበር።

አቶ ኃይለማርያም ከመማሪያ ክፍል ወደ ፖለቲካ የተሻገሩበትን ዘመን ሳያስታውሱ የኋላውን ማስተዋል አይቻልም። በ1991 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አዋሕዶ «ወጋጎዳ» በሚል ስም በአንድ መማሪያ መጽሐፍ ለማስተማር የተሞከረው ሙከራ በወላይታ ሶዶ ደም ያፈሰሰ ቍጣ አስነሣ፤ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ወላይታም በ1993 ዓ.ም. የራሱ ዞን ሆነ። በቢሮ ጠረጴዛ ላይ የተቀመረ አንድነት በሕዝብ አደባባይ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም። አቶ ኃይለማርያም የደቡብ ክልል ፕሬዚዳንት የሆኑት ይህ ቍስል ገና ሳይደርቅ፣ በ1994 ዓ.ም. ነበር፤ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስም ከኀምሳ የሚበልጡ ብሔረሰቦች ያሉበትን ያን ክልል መሩ። የክልሉ ስፋት አስቸጋሪ መሆኑ ያኔም የታወቀ ነበር፤ ነገር ግን ያን ጥያቄ በዝግታ ማለፍ የዘመኑ ፈሊጥ ሆኖ፣ እርሳቸውም እንደ ሌሎቹ አለፉት። ይህን ስል በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የድርጅትን ሸክም ለመጫን አይደለም፤ ሆኖም የኋለኛው ዘመን የከፈለው ዕዳ መነሻው ከዚህ ዝምታ እንደ ሆነ ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም።

መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ በታሪክ ላይ የወደቀው ብርሃን ቀላል አልነበረም። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና በምኒልክ ሠራዊት ድል ከሆኑ 118 ዓመት ገደማ አልፎ ነበር፤ ከዚያ ሕዝብ የተወለደ፣ ከሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የሆነ ሰው፣ ያለ ጦርና ያለ ሴራ የኢትዮጵያን መንግሥት ሲረከብ ያየ የደቡብ ልጅ፣ በፖለቲካ ቢቃወማቸው እንኳ፣ ነገሩን እንደ ተራ ሹመት ሊቈጥረው አልቻለም። ዳሩ ግን ተሿሚው የራሳቸውን ራእይ ከማውጣት ይልቅ የቀዳሚያቸውን ጐዳና ሳያዛንፉ እንደሚከተሉ በመጀመሪያው ንግግራቸው ስላስታወቁ፣ ዘመናቸው ከመነሻው የአደራ ጠባቂ ዘመን ሆነ።

የዘመኑን ሥራ ለመዘርዘር አልሻም፤ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፣ የጂቡቲ የምድር ባቡር፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተገደበውና 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ግልገል ጊቤ ሦስተኛ በዘመናቸው ተመርቀዋል፤ በ2007 ዓ.ም. በካርቱም የተፈረመው የሕዳሴ ግድብ የመርሕ ስምምነትም የእርሳቸውን ፊርማ ይዟል። ለውኃ መሐንዲስ ይህ መልካም ዕጣ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት ግንቦት በተደረገው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ መቀመጫዎች አንዱን ሳይቀር ወሰዱ፤ የተቃውሞ ድምፅ ከምክር ቤት በወጣ በወራት ውስጥም በኦሮሚያ፣ ቀጥሎም በአማራ አደባባዩን ሞላው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በኢሬቻ በዓል ላይ የጠፋው ሕይወት፣ ከቀናት በኋላ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ የእስረኛው ብዛት፣ እነዚህ ሁሉ በስማቸው ተጽፈዋል፤ ውሳኔው የማን ነበር የሚለው ክርክር ቢቀጥልም ፊርማው የማን እንደ ነበረ አያከራክርም። ታኅሣሥ 25 ቀን 2010 ዓ.ም. የፖለቲካ እስረኞች እንዲፈቱና ማዕከላዊ እስር ቤት እንዲዘጋ የተወሰነውን ያስታወቁትም እርሳቸው ናቸው። ከዚያ 6 ሳምንት ያህል ቈይተው ለቀቁ፤ ራሳቸውንም ከመፍትሔው እንደ አንዱ ክፍል ለማድረግ መሆኑን ገለጡ።

በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት ፍርድ ተሰማ። አንዱ ወገን፣ ሥልጣን ባዶ ወንበር ሆኖባቸው ስለ ነበር ለቀቁ እንጂ መልቀቁ ጀግንነት አይደለም አለ፤ ሁለተኛው ወገን፣ ወንበሩ ባዶ የሆነባቸው ብዙዎች ሲሆኑ ወንበሩን የለቀቀ ግን ማን ነበር ብሎ ጠየቀ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ነገር ግን በምስጋናው ብቻ ልረካ አልችልም። መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ዐቢይ አሕመድ በምክር ቤት ሲሾሙ፣ ተሰናባቹና ተተኪው በአንድ አዳራሽ ሆነው ሥልጣን በሰላም ሲተላለፍ መታየቱ ዐቢይ ነገር ነው፤ ያ ቀን ሥርዓት ሆኖ ሳይጻፍ እንደ ሁኔታው ፍሬ ብቻ መቅረቱ ደግሞ ዛሬም ልንነጋገርበት የሚገባ ጉድለት ነው።

ከሹመት መውረድ ሥርዓት ሆኖ የኖረበትን ስፍራ ለማየት ከዚህ ላይ ወደ ጋሞ ደጋ መውጣት ይገባል። ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ኦቾሎ፣ ቦንኬ፣ ቦሮዳ እየተባሉ በየ«ደሬ»ያቸው የተከፋፈሉት የጋሞ ማኅበረሰቦች ከጥንት ጀምሮ ሁለት ዓይነት ሥልጣን ያውቃሉ። አንዱ በትውልድ የሚወረሰው፣ ስለ ሕዝቡ መሥዋዕት የማቅረብ ክብር ያለው የ«ካዎ» ሥልጣን ነው፤ ሁለተኛው «ሃላቃ» የሚባለው፣ በጉባኤ የሚመረጥና በዘመን የተወሰነ ሹመት ነው። ሃላቃ የሚሆን ሰው ሲመረጥ ሀብቱን አውጥቶ ለማኅበረሰቡ ግብር ያበላል፤ በሹመቱ ዘመን ከጠብና ከቍጣ ርቆ፣ ሕዝቡን እንደ እረኛ እየጠበቀ ይኖራል፤ ዘመኑ ሲፈጸም ሹመቱን ለሌላው ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላም በ«ዱቡሻ»፣ ማለትም ጉባኤው በሚቀመጥበት የተከበረ ስፍራ፣ ከታላላቆቹ ጋር ተቀምጦ ቃሉ ይሰማለታል። ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ በኦቾሎ፣ እንግሊዛዊቷ ዴና ፍሪማን በዶኮ ተቀምጠው ይህን ሥርዓት አጥንተው መጻሕፍት ጽፈዋል፤ የአቤሌስ መጽሐፍ በ1983፣ የፍሪማን በ2002 እ.ኤ.አ. ታትመዋል።

የዚህ ሥርዓት ፍሬ ነገር በእኔ አስተያየት ምርጫው አይደለም፤ መምረጥን ብዙ አገር ያውቀዋል። ፍሬ ነገሩ የወረደው ሰው ስፍራ ማግኘቱ ነው። ሃላቃ ሹመቱን ሲያስረክብ ወደ ምንምነት አይወድቅም፤ ስለዚህ ለመውረድ አይፈራም፤ የማይፈራም ሰው ለመቈየት ሲል ደም አያፈስም። በቤተ መንግሥታችን ታሪክ ግን የወረደ ሰው ስፍራው እስር ቤት ወይም መቃብር ስለ ነበረ፣ እያንዳንዱ ገዥ መንበሩን እንደ ነፍሱ ይዞ ቢሞት አያስደንቅም። በዚህ ላይ እውነቱን ሳልሸሽግ ልጨምር፦ ዱቡሻውም ቢሆን ሴቶችን፣ ሸክላ ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን ከጉባኤው ያገለለ ነበርና፣ ፍጹም ሥርዓት አድርጎ የሚያወድሰው ሰው ካለ የተገለሉትን ልጆች ቢጠይቅ መልካም ነው።

የዱቡሻው መንፈስ ከተረት የራቀ መሆኑን አገሩ ያየው አቶ ኃይለማርያም ከለቀቁ ገና ዓመት ሳይሞላ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በጋሞ ተወላጆችና በሌሎችም ላይ ግድያ ተፈጽሞ፣ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል በወጡ ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ተራምዶ ማለፍ ነውር ነውና፣ ፖሊስና አዋጅ ሊያቆመው የሚያዳግተውን ያ ሣር አቆመው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ያሉ ጸሐፊዎች ሁሉ ስለ ጋሞ አባቶች ጻፉ፤ ከአባቶቹ የሥልጣን ሥርዓት ምን እንማር ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበር።

በዚያው ዓመት የጋሞ ጎፋ ዞን ለሁለት ተከፍሎ ጋሞና ጎፋ ለየራሳቸው ሆኑ። ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጥኖ የሆነ ነው፦ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም.፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ዓ.ም. ክልል ሆኑ፤ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በስድስት ዞኖችና በአምስት ልዩ ወረዳዎች ሕዝበ ውሳኔ ተሰጠ፤ የወላይታው ተሽሮ በሰኔ ተደገመ፤ በነሐሴም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በአርባ ምንጭ በተደረገ ጉባኤ ተመሠረተ፤ የተረፈውም ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተባለ። አቶ ኃይለማርያም በፕሬዚዳንትነት የመሩት አንዱ ክልል እርሳቸው ከጠቅላይ ሚኒስትርነት በወረዱ 6 ዓመት ሳይሞላ አራት ሆነ። የአዲሱ ክልል መንግሥትም መቀመጫውን በአንድ ከተማ አላከማቸም፤ ወላይታ ሶዶን የአስተዳደር ማዕከል አድርጎ አርባ ምንጭን፣ ዲላን፣ ጂንካን፣ ሳውላንና ካራትን ተካፋይ አደረገ። ባለ ጉዳዩን ከከተማ ወደ ከተማ የሚያመላልስ ነው ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ አባባላቸውም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የወጋጎዳን ዘመን የሚያስታውስ ሰው፣ ክብርን ማካፈል ክብርን በአንድ ስፍራ ከመከመር የሚሻል መሆኑን ለመቀበል አይቸገርም።

ከሥልጣን የወረዱት ሰው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሮማን ተስፋዬ ጋር በስማቸው የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁመዋል፤ በአፍሪካ የግብርና ጉዳይ የሚሠራውን የአግራ የቦርድ ሊቀመንበርነት ይዘዋል፤ በአገራቸውም በነፃነት ይኖራሉ። የቀድሞ መሪ በአገሩ በሰላም መኖሩ በሌላ አገር የማይነገር ተራ ነገር ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን እነሆ ይነገራል። ከሥልጣን የሚነሡ መሪዎችን መብትና ጥቅም የሚደነግገው በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 653 መኖሪያ ቤት፣ ተሽከርካሪና ጥበቃ ሰጥቷቸዋል። ምክራቸው የሚሰማበትን ዱቡሻ ግን አልሰጣቸውም፤ የሚወርዱበትን ዘመንም የሚወስን ሌላ ሕግ የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 70 ፕሬዚዳንቱ ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ እንዳይመረጥ ሲከለክል፣ በአንቀጽ 72 የጠቅላይ ሚኒስትሩን ዘመን ከምክር ቤቱ ዘመን ጋር ብቻ አያይዞ ትቶታል፤ በየአምስት ዓመቱ ድምፅ እስካገኘ ድረስ ወሰን የለውም። በየካቲት 2010 ዓ.ም. አንድ ሰው በፈቃዱ ያደረገውን ተከታዮቹ ሁሉ በግዴታ እንዲያደርጉት የሚያዝ አንድ ንኡስ አንቀጽ ለመጨመር የክልል ምክር ቤቶችም ድምፅ ያስፈልጋል፤ በአርባ ምንጭ ለተመሠረተው ምክር ቤትም እስካሁን እንዲህ ያለ ረቂቅ አልቀረበለትም።