የአክሲዮን ቍጥርና የሥልጣን ልክ
የአልኮአ ባለ አክሲዮኖች ታሪክ

አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ኩባንያ የማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አክሲዮን የገዛ ሁሉ በድርሻው ልክ ባለቤት ነው» የሚል ነው። በሕግ በኩል መልሱ ትክክል ነው። በሥራ ሲታይ ግን ከመቶ አሥር እጅ የያዘ አንዱ የኩባንያውን መሪ እስከ ማስለወጥ ሲደርስ፥ ያንኑ ያህል የያዘ ሌላው በዓመት አንድ ጊዜ ድምፁን ሰጥቶ ዝም ይላል። ይህ ልዩነት ከምን እንደሚመጣ ለመረዳት የአንድን ኩባንያ ታሪክ ከመነሻው እስከ ዛሬ መከተል ይጠቅማል። ለዚህ ጽሑፍ የተመረጠው አልኮአ የተባለው የአሜሪካ የአሉሚኒየም ኩባንያ ነው። ኩባንያው በመጀመሪያ በጥቂት መሥራቾች እጅ ነበር፤ ኋላ ግን ወደ ትልልቅ የገንዘብ ድርጅቶች እጅ ተላልፏል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ዓይነት ባለቤትነት ባንድ ቦታ ያሳየናል። በሌላ ካልተገለጸ በቀር የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ. የውስጥ ሰዎችና ድርጅቶች

አክሲዮን ያዦች በሁለት ትልልቅ ወገኖች ተከፍለው ይታያሉ። አንደኞቹ የውስጥ ሰዎች የሚባሉት ናቸው። በ1934 የወጣው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ሕግ የኩባንያውን ዲሬክተሮች፥ ከፍተኛ ሹማምንትና ከአክሲዮኑ ከመቶ ከአሥር እጅ በላይ የያዘውን ሰው በዚህ ወገን ይቈጥራል። እነዚህ ሰዎች የኩባንያውን ጉዳይ ከሌላው ሕዝብ አስቀድመው ስለሚያውቁ ሕጉ ሁለት ነገር ያስገድዳቸዋል። በመጀመሪያ ሲገዙና ሲሸጡ ማሳወቅ አለባቸው፤ ከ2002 ወዲህ ይህን የሚያደርጉት በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ነው። ሁለተኛም ገዝተው በስድስት ወር ውስጥ ቢሸጡ ያገኙት ትርፍ ለኩባንያው ይመለሳል።

ሁለተኞቹ የሰው ገንዘብ ሰብስበው የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች ናቸው፤ የጡረታ ገንዘብ፥ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች፥ የጋራ መዋዕለ ንዋይ ድርጅቶች፥ የኮሌጆችና የበጎ አድራጎት ማኅበራት ገንዘብ ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል። በአሜሪካ 100 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ አክሲዮን የሚያስተዳድር ድርጅት በየሦስት ወሩ የያዘውን ዘርዝሮ፥ ሩብ ዓመቱ ባለቀ በ45 ቀን ውስጥ ማስታወቅ ይገባዋል። ከአንድ ኩባንያ ከመቶ ከአምስት እጅ በላይ የያዘ ማንም ቢሆን ደግሞ መግለጫ ማቅረብ ግዴታው ነው። የኩባንያውን አመራር ለመለወጥ የሚያስብ ሰው ሰፊውንና ዐሳቡን የሚያስረዳውን መግለጫ ይሞላል፤ ለትርፍ ብቻ የያዘ ግን በአጭሩ ቅጽ ይለቀቃል። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፥ ሕጉ ራሱ የአክሲዮኑን ብዛት ብቻ ሳይመለከት የያዡንም ዐሳብ እንደሚጠይቅ ነው።

2ኛ. ባለቤትና ሠራተኛ አንድ በነበሩበት ጊዜ

ቻርልስ ማርቲን ሆል በኦሃዮ ከሚገኘው ከኦበርሊን ኮሌጅ በ1885 ተመረቀ። በ1886 የካቲት ወር፥ ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፥ አሉሚና የተባለውን ነጭ ዱቄት በቀለጠ ክራዮላይት ውስጥ አሟሙቶ በኤሌክትሪክ ኀይል ብረቱን የሚለይበትን ዘዴ አገኘ። በዚያው ዓመት ፖል ኤሩ የተባለ ፈረንሳዊም ለብቻው ይህንኑ ዘዴ አግኝቷል። በ1888 ካፒቴን አልፍሬድ ሀንትና ባልንጀሮቹ በፒትስበርግ ከተማ 20 ሺህ ዶላር አዋጥተው የፒትስበርግ ሪዳክሽን ኩባንያን አቋቋሙ። ኋላ ለብዙ ዘመን የኩባንያው አለቃ የሆነው አርተር ቫይኒንግ ዴቪስ ያን ጊዜ የሆል ረዳት ሆኖ የገባ ወጣት ነበር።

ኩባንያው በ1889 ገንዘብ ቸግሮት አለቆቹ 4 ሺህ ዶላር ለመበደር ወደ ሜሎን ቤተ ሰብ ባንክ ቢሄዱ፥ ባንኩ እስከ 25 ሺህ ዶላር ፈቀደላቸው። የሜሎን ወንድማማቾችም አክሲዮን እየገዙ ከዋናዎቹ ባለቤቶች መካከል ሆኑ። አበዳሪው ባለቤት፥ ባለቤቱም ዲሬክተር ሆነ ማለት ነው። ኩባንያው በ1907 ስሙን ለውጦ የአሜሪካ አሉሚኒየም ኩባንያ ተባለ፤ አልኮአ የሚለውም ስም ከዚሁ ስያሜ የመጀመሪያ ፊደሎች የተገኘ ነው።

ይህ ዓይነት ባለቤትነት ግልጽ የሆነ ጥቅም ነበረው። ፋብሪካ ይሠራ ወይስ አይሠራ ብሎ የሚወስነው ሰው ነገሩ ቢበላሽ ከራሱ ኪስ የሚከስረው ሰው ነበር። ዛሬም ቢሆን የውስጥ ሰዎች ብዙ አክሲዮን ይዘዋል ሲባል ገበያው ደስ የሚለው ስለዚሁ ምክንያት ነው።

ሆል በ1914 ሞተ። ልጅ ስላልነበረው የሀብቱን አንድ ሦስተኛ ለተማረበት ለኦበርሊን ኮሌጅ ተናዘዘ፤ ሌላው አንድ ሦስተኛ በእስያና በባልካን አገሮች ለትምህርት ሥራ እንዲውል አዘዘ፤ የቀረውም በአሜሪካ ውስጥ ለበርያ ኮሌጅና ለአንድ የሚሲዮን ማኅበር ተሰጠ። በ1928 የተቋቋመው የሃርቫርድ የንቺንግ ተቋም የተመሠረተው ከዚሁ ኑዛዜ በተገኘ ገንዘብ ነው። እንግዲህ ከመሥራቾቹ የአንዱ ሀብት በአንድ ትውልድ ውስጥ የኮሌጆችና የማኅበራት ሀብት ሆነ። ኮሌጁ አሉሚኒየም የማቅለጥ ዕውቀት አልነበረውም፤ የሚፈልገው ለመምህራንና ለተማሪዎች የሚሆን ገቢ ነው። ያው አክሲዮን እጅ ሲለውጥ ጠባዩም ተለወጠ።

3ኛ. በሁለት ቤት አንድ ጌታ

የውስጥ ባለቤትነት ጉዳት በግልጽ የታየው ከ1928 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት አልኮአ ከአሜሪካ ውጭ ከነበረው ንብረቱ አብዛኛውን በካናዳ ለተቋቋመው ለአሉሚኒየም ሊሚትድ አስተላለፈ፤ ይህ ኩባንያ ኋላ አልካን ተብሎ ታውቋል። የአዲሱም ኩባንያ አክሲዮን ለአልኮአ ባለ አክሲዮኖች በድርሻቸው መጠን ታደለ። አርተር ዴቪስ የአልኮአ ዲሬክተሮች ሊቀ መንበር ሲሆን፥ ወንድሙ ኤድዋርድ ዴቪስ የሊሚትድ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የዴቪስ፥ የሜሎንና የሀንት ቤተ ሰቦች የሁለቱንም ኩባንያዎች አክሲዮን ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ያህል ይዘው ነበር። በ1931 ሊሚትድ ከአውሮፓ አምራቾች ጋራ የምርትን መጠን የሚወስን ማኅበር ገባ።

የአሜሪካ መንግሥት በ1937 አልኮአን በሞኖፖሊ ወንጅሎ ከሰሰ። የበላይ ፍርድ ቤት በቂ ዳኞች ሊሟሉለት ስላልቻሉ ነገሩ በ1945 በይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተቈረጠ፤ ፍርዱንም የጻፉት ዳኛ ለርንድ ሀንድ ናቸው። ፍርድ ቤቱ አልኮአ የአዲስ ጥሬ አሉሚኒየምን ገበያ ከመቶ 90 እጅ መያዙን ተመልክቶ ሞኖፖሊ ነው ብሎ ወሰነ። ስለ አውሮፓው ማኅበር ግን የሰጠው ፍርድ ለጥናታችን ይበልጥ ይጠቅማል። የሁለቱ ኩባንያዎች ባለቤቶች በብዛት አንድ መሆናቸው ብቻውን አልኮአ በማኅበሩ ውስጥ እንደ ነበረ አያስረዳም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሊሚትድ እንጂ የአልኮአ አይደለም ተባለ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1950፥ ዳኛ ጆን ኖክስ ነገሩን በሌላ በኩል ተመለከቱት። በጦርነቱ ጊዜ መንግሥት ያሠራቸውን ፋብሪካዎች ሬኖልድስና ካይዘር የተባሉት ኩባንያዎች ስለ ወሰዱ ዳኛው አልኮአን መከፋፈል አስፈላጊ ሆኖ አላገኙትም። ነገር ግን በአልኮአና በሊሚትድ ትልልቅ ድርሻ ያላቸው ሰዎች ከሁለቱ የአንዱን አክሲዮን እንዲሸጡ አዘዙ፤ የጊዜውም ገደብ 10 ዓመት ነበር። የሁለቱ ፍርድ ልዩነት ይህ ነው። ሀንድ የጠየቁት «ያለፈው ጥፋት በማስረጃ ተረጋግጧል ወይ» ሲሆን፥ ኖክስ የጠየቁት «በሁለት ተወዳዳሪ ቤቶች አንድ ጌታ ካለ ወደ ፊት ውድድሩ እውነተኛ ሊሆን ይችላል ወይ» ነው።

4ኛ. የዛሬዎቹ ባለቤቶች

አልኮአ በኅዳር 1 ቀን 2016 ለሁለት ተከፈለ። ማዕድን የሚቈፍረውና አሉሚኒየም የሚያቀልጠው ክፍል አልኮአ ኮርፖሬሽን ሲባል፥ የአውሮፕላንና የመኪና ክፍሎች የሚሠራው አርኮኒክ ተባለ። በአልኮአ ኮርፖሬሽን የባለ አክሲዮን መዝገብ ላይ የቤተ ሰቦች ስም እንደ ቀድሞው አይገንንም። ከፍተኛውን ቦታ የያዙት እንደ ቫንጋርድና ብላክሮክ ያሉ የገንዘብ አስተዳዳሪዎች ናቸው፤ ሥራ አስኪያጆቹና ዲሬክተሮቹ የያዙት ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። ከዚያውም ውስጥ ብዙው እንደ ደመወዝ የተሰጣቸው እንጂ በገንዘባቸው የገዙት አይደለም።

ቫንጋርድ ለተራው ሕዝብ የመጀመሪያውን የገበያ መለኪያ ተከታይ ፈንድ ያቋቋመው በ1976 ነው። እንዲህ ያለው ፈንድ በመለኪያው ዝርዝር ውስጥ ያለውን ኩባንያ ሁሉ በየመጠኑ ይገዛል፤ የአንዱን ሥራ አስኪያጅ ስላልወደደ ሊሸጥ አይችልም። ትንሹ ባለ አክሲዮን ቅር ሲለው ሸጦ ይሄዳል፤ ይኸኛው ግን ያለው መሣሪያ ድምፅና ምክር ብቻ ነው። የሚሰጠውም ድምፅ የራሱ ገንዘብ ድምፅ አይደለም። ገንዘቡ የመምህሩ፥ የነርሷና የመካኒኩ የጡረታ ቍጠባ ነው፤ እነርሱ ደግሞ ባለ አክሲዮን መሆናቸውን እንኳ የማያውቁ ብዙ ናቸው።

ከዚህ የተለየ ጠባይ ያለው ድርጅት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ኤሊየት ማኔጅመንት አሳይቷል። ኤሊየት በ2015 መጨረሻ ከአልኮአ ከመቶ ከስድስት እጅ በላይ መያዙን አስታወቀ፤ በ2016 መጀመሪያም ከኩባንያው ጋራ በተደረገ ስምምነት ሦስት አዲስ ዲሬክተሮች ገቡ። ከክፍፍሉ በኋላ በአርኮኒክ የነበረውን ድርሻ ከመቶ ከአሥር እጅ በላይ አድርሶ፥ የኩባንያው መሪ ክላውስ ክላይንፌልድ እንዲለወጡ በ2017 ጥር ወር በአደባባይ ጠየቀ። ክላይንፌልድ ጉባኤው ሳያውቅ ለኤሊየት ደብዳቤ በመጻፋቸው በሚያዝያ ወር ሥራቸውን ለቀቁ። ኤሊየት ከአክሲዮኑ ዘጠኝ አሥረኛ የሚጠጋው አልነበረውም፤ ጕልበቱ የመጣው ዝምተኞቹ ድርጅቶች በጉባኤ ቀን ወደ እርሱ ሊያዘነብሉ ይችላሉ ከሚለው ፍርሃት ነው።

የ1950ው የዳኛ ኖክስ ጥያቄም በአዲስ ልብስ ተመልሷል። ትልልቆቹ አስተዳዳሪዎች በአንድ የኢንዱስትሪ መስክ የሚወዳደሩትን ኩባንያዎች ሁሉ አክሲዮን ባንድነት ይይዛሉ። ሆሴ አዛር፥ ማርቲን ሽማልዝና ኢዛቤል ቴኩ በ2018 ባሳተሙት ጥናት፥ የአሜሪካ አየር መንገዶች ባለ አክሲዮኖች የጋራ በሆኑባቸው መሥመሮች የጕዞው ዋጋ ከፍ እንደሚል አመልክተዋል፤ ሌሎች ሊቃውንት ግን አለካኩን ተቃውመዋል። በአሉሚኒየም በኩል ነገሩ በቀጥታ አይመሳሰልም፤ ዋጋው የሚመራው በለንደን የብረታ ብረት ገበያ ስለ ሆነ አንድ ኩባንያ ብቻውን ሊቈርጠው አይችልም። የጋራ ባለቤትነት ጕዳት ቢኖረው ሊፈለግ የሚገባው «አዲስ ማቅለጫ ይሠራ ወይስ አሮጌው ይዘጋ» በሚለው ውሳኔ ላይ ይመስለኛል።

5ኛ. መዝገቡ እንዴት ይነበብ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፥ ከመቶ ይህን ያህል እጅ የሚለው ቍጥር የጥያቄ መነሻ እንጂ መልስ አለመሆኑ ነው። የባለ አክሲዮኖችን ዝርዝር የሚያነብ ተማሪ ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይጠቀማል። መጀመሪያ፥ ያዡ ቅር ሲለው ሊሸጥ ይችላል ወይ? ሁለተኛ፥ በተወዳዳሪው ቤትስ ድርሻ አለው ወይ? ሦስተኛ፥ ቢከስር የሚጠፋው የማን ገንዘብ ነው? የሜሎንና የዴቪስ ሰዎች ለሦስተኛው ጥያቄ «የራሳችን» ብለው በኩራት ሊመልሱ ይችሉ ነበር፤ የተፈረደባቸው በሁለተኛው ነው። የዛሬዎቹ ፈንዶች በሦስቱም ላይ የሚያጠራጥሩ ናቸው። በዚህ ላይ የድርጅቶቹ መግለጫ እስከ 45 ቀን የዘገየ ሊሆን ስለሚችል፥ ዝርዝሩ የዛሬ ሳይሆን ያለፈው ጊዜ ሥዕል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1248/2013 ቍጥር የወጣው የካፒታል ገበያ ዐዋጅ መንገዱን ከፍቶ፥ በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር በኢትዮጵያ አቈጣጠር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሯል። የጡረታና የኢንሹራንስ ገንዘብም ውሎ አድሮ ወደዚሁ ገበያ መግባቱ የሚጠበቅ ነው። ያን ጊዜ በመዝገቡ ላይ ስማቸው የማይታይ፥ ገንዘባቸው ግን በውስጡ ያለ ብዙ ቈጣቢዎች ይኖራሉ። ስለ እነርሱ ድምፅ የሚሰጠው ማን እንደ ሆነና ለማን ሒሳብ እንደሚያቀርብ ገበያው ገና ልጅ ሳለ መመርመር፥ ኢኮኖሚክስና ሕግ ለምንማር ሁሉ የተገባ ሥራ ነው።